የማዞሪያ ክፍሉ በር

መስከረም 20

ይድረስ ለደራሲዋ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፖስታ አዳዩ ሦስት ቀን ይዞት ሲዞር ከርሞ ነው ያመጣልኝ። “በጎርፉ ጊዜ ስልከኛ ለነበሩት” ብለሽ ብቻ ብትጽፊበት ምን ያድርግ? ደግነቱ ከተማችን ትንሽ ናት፤ ከድሮ ስልከኞችም የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አዎ፣ እኔ ነኝ። ስልክ ቁጥሬን ጠይቀሻል፤ የለኝም። ሠላሳ ዓመት የሰው ወሬ ጆሮዬ ላይ ሲንጫጫ ኖሮ ጡረታ በወጣሁ ማግስት ልጄን “ስልክ የሚባል ነገር ለእኔ እንዳትገዛ” አልኩት። ግራ ጆሮዬም ደክሟል። በደብዳቤ ከሆነ ግን ጊዜ ሞልቶኛል።

ስለ ጎርፉ ከምትጽፊው ልቦለድ የላክሽልኝን አንድ ገጽ አነበብኩና ሳቅኩ፤ አትቀየሚኝ። “ስልከኛዋ በሚንቀጠቀጥ ጣቷ መጥሪያውን ተጫነች” ይላል። የምን መጥሪያ? እኛ ጋ የሚጫኑት ነገር አልነበረም። አንድ መንደር ሲደውል ፊታችን ካለው ሰሌዳ ላይ ትንሽ የብረት ክዳን ቀጭ ብላ ትወድቃለች። ገመዱን አንስተሽ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ትሰኪና “ማንን ላገናኝ?” ትያለሽ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ስለዚያ ቀን ግን የምጨምርልሽ የለኝም። አደባባዩ ላይ ባለው ድንጋይ ተጽፏል፦ ሁለት ስልከኞች በፈቃዳቸው በሥራ ገበታቸው ቆይተው የታችኛውን ወንዝ መንደሮች አስጠነቀቁ፤ አንዷ ሕይወቷን ሰጠች። እሷ ጓደኛዬ ነበረች። የተረፍኩት እኔ ነኝ።

ደግሞ “እማማ” አትበይኝ። ገና ስልሳ አምስቴ ነው። “እትዬ” ይበቃኛል።

የቀድሞዋ ስልከኛ


ጥቅምት 3

ይድረስ ለእትዬ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ፤ አቧራው ካስነጠሰኝ በስተቀር። ስለ መጥሪያው አፈርኩ። ያንን ገጽ ቀድጄ ጥዬዋለሁ። ከሱ በፊትና በኋላ ያሉትንም አብሬ።

አምስት ልቦለድ ጽፌያለሁ እትዬ፤ አምስቱንም ከወንበሬ ሳልነሳ። የማላውቀውን እፈጥር ነበር፤ አንባቢም አመነኝ። እርስዎ ሲስቁብኝ ነው የደነገጥኩት። ከዚያ የገመዱን ቀለም እንኳ ልይ ብዬ ለግማሽ ቀን ወደ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ሌላው ሁሉ እሱ ያመጣብኝ ጣጣ ነው። ይኸው አሁን ድረስ እዚያ ነኝ።

የመዝገብ ቤቱን ኃላፊ ሁሉም “ጓንቴ” ይሉታል። ነጭ ጓንት ሳያጠልቁ ወረቀት መንካት ክልክል ነው። ጓንቶቹን ራሱ አጥቦ መስኮቱ ላይ ያሰጣቸዋል፤ ከመንገድ ሲያዩት እጅ የሚነሱ ይመስላሉ። መጀመሪያ ቀን እንደ ልማዴ ገጹን በምራቅ ልገልጥ ጣቴን ወደ አፌ ስወስድ “እሜቴ! ወረቀቱን ልትበዪው ነው?” ብሎ ጮኸብኝ። አሁን ግን ወዳጄ ሆኗል። ያልጠየቅኩትን ጥራዝ ሁሉ እየተሸከመ ያመጣና “እስቲ ይቺን ደግሞ” ይለኛል።

እንዲህ ያለ ደስታ እንዳለ ማን ነገረኝ? ትናንት የእናንተን የተረኛ መዝገብ አገኘሁ! የእርስዎን የእጅ ጽሑፍ አየሁት፤ ቀጥ ያለ፣ እንደ ወታደር የተሰለፈ። ከጎኑ ያለው የጓደኛዎ መሆን አለበት፤ መስመሩን ጥሶ ይወጣል፣ ነጥቦቹ ክብ ክብ ናቸው። ዝናብ የጣለበትን ሰዓት፣ መስመር የተበጠሰበትን ቀን፣ “ዛሬ ብርድ ነው” የሚል ማስታወሻ ሳይቀር አነበብኩ። ቤት ስገባ እንኳ መቀመጥ አቃተኝ። ምሳ እረሳለሁ። የሌሊት ልብሴን ሳልቀይር ልወጣ ስል ባለቤቴ በር ላይ ይዞኛል።

እራት ላይ “ስንተኛው ምዕራፍ ደረስሽ?” ሲለኝ “አራተኛው” እለዋለሁ። አሳታሚዬም እንዲሁ ያምናል። እውነቱን ለእርስዎ ልንገርዎ፦ እነዚያን ገጾች ከቀደድኩ ወዲህ አንድም መስመር አልጻፍኩም። መጻፍ ከጀመርኩ ፍለጋው የሚያልቅብኝ ይመስለኛል።

ከደብዳቤዎ ጋር አጥፈው በላኳት ትንሽ ወረቀት ለጠየቁኝ፦ አዎ፣ አግብቻለሁ፤ ልጅ የለኝም። በዚያችው ወረቀት “ልጄ” ስላሉኝ ደስ ብሎኛል፤ አባቴም ሲያመኝ እንዲያ ይለኛል።

እኔም ሦስት ጥያቄዎች በጀርባው ጽፌያለሁ። የመጨረሻው መዝገቡ ጠርዝ ላይ ስላየኋት ሥዕል ነው።

አክባሪዎ


ጥቅምት 21

ልጄ፣

መልሶችሽ እነሆ። ገመዶቹ ቀይና አረንጓዴ ነበሩ፤ ቀዩ ለደዋዩ፣ አረንጓዴው ለሚደወልለት። ሁለተኛው፦ እኔን “ቀጭኔ” ይሉኝ ነበር፤ በቁመቴ። ከፍ ያለው መደዳ ላይ ያሉትን መንደሮች ሳልነሳ የምደርስባቸው እኔ ብቻ ነበርኩ። እሷን “ሳቂታ” ነው የሚሏት። ሦስተኛው፦ መዝገቡ ጠርዝ ላይ ያገኘሽው መነጽር ያደረገ አውራ ዶሮ ተቆጣጣሪያችን ነው። የሳለችው እሷ ናት። በዚያ ዶሮ የሦስት ቀን ደመወዝ ተቀጥታ፣ ቅጣቱን ስትፈርም ራሱ ትስቅ ነበር።

ሳቋን ምን ብዬ ልጻፍልሽ? አንድ የእህል ነጋዴ ነበረ፤ ይደውልና “ማንን ላገናኝ?” ስትለው “ማንንም፤ እንዲሁ ሳቂልኝ” ይላታል። እሷም ትቆጣዋለች፤ ቁጣዋን ሳትጨርስ ሳቁ ያመልጣታል። ሰውየው “አመሰግናለሁ” ብሎ ይዘጋል። የደመወዟን ግማሽ ለእናቷ ትሰጣለች፤ በቀረው ለታናሽ እህቷ ከረሜላ ትገዛለች። ለራሷ የገዛችው ነገር ትዝ አይለኝም። አዎ፣ አንድ ጫማ።

ክፍሉ ጠባብ ነበር። ሁለት ወንበር፣ ሰሌዳው፣ አንድ ፍርግርግ ብረት ያለው መስኮት። ለምሳ ተቆጣጣሪው ሲከፍትልን ብርሃኑ ዓይናችንን ይወጋን ነበር።

ይኸው ብዙ ጻፍኩ። ደብዳቤሽ ሲመጣ ልጄ “ፍቅረኛ ያዝሽ እንዴ?” ይለኛል። “የያዘችኝ ደራሲ ናት፤ ከዚያ ይብሳል” አልኩት።

እትዬሽ


ኅዳር 4

ይድረስ ለእትዬ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። 

ባለፈው ደብዳቤዎ አንድ ቃል ጽፈዋል፤ ሳያስቡት ይመስለኛል። “ሲከፍትልን” ብለዋል። አንብቤው አለፍኩ። በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ትዝ አለኝና መውረጃዬን አለፍኩት። ማን ነው ከውስጥ ላለ ሰው በር የሚከፍተው?

ለጓንቴ አላወራሁትም። “የዚያ ዓመት የሕንፃ ጥገና ወረቀት ይኖራል?” ብቻ አልኩት። መሰላል ላይ ወጥቶ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ሌጣ ደብተር አወረደልኝ። የከተማው አናጺ ደብተር ነው፤ የሠራውን ሁሉ በእርሳስ ጽፏል። የትምህርት ቤት ወንበር፣ የድልድይ ጣውላ፣ የሬሳ ሳጥኖች። ከጎርፉ አሥራ አምስት ቀን በኋላ እንዲህ ይላል፦

“የስልክ ማዞሪያ ክፍል በር። በመጥረቢያ የተፈለጠ። አዲስ ጣውላ ገብቷል። ከውጭ በኩል ያለው ቁልፍ እንደተቆለፈ ነበር፤ ከነመቀርቀሪያው ተነቅሎ ወጥቷል።”

እትዬ፣ አልዋሽዎትም። “አገኘሁ!” ብዬ ጮህኩ። ጓንቴ ከመሰላሉ ሊወድቅ ነበር። በአምስት መጽሐፍ እንዲህ ያለ ደስታ አላገኘሁም። ወጥቼ መንገዱን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። በሁለተኛው ዙር ላይ ነው ያገኘሁት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ። ዳቦ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። በሰው ሞት “አገኘሁ” ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ።

የምስክርነት ቃልዎንም አይቻለሁ። በታይፕ የተጻፈ ነው። “መውጣት ስንችል በፈቃዳችን ቆየን” ይላል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው፤ በተረኛው መዝገብ ከማውቀው ጋር ግን አይመሳሰልም። እንደ ወታደር አልቆመም።

ጥያቄዬን ለብቻው ጽፌ በትንሽ ፖስታ አሽጌዋለሁ። ካልፈለጉ ሳይከፍቱ ያቃጥሉት።

አክባሪዎ


ኅዳር 29

ይድረስ ለእትዬ፣

ሦስት ሳምንት አለፈ። ፖስታ ቤቱን በቀን ሁለት ጊዜ እያየሁት ነው፤ መስኮቷ ላይ ያለችው ሴት ገና ከሩቅ ስታየኝ ራሷን ትነቀንቃለች። ታመው ይሆን? ወይስ አስቀየምኩዎት? ሁለቱንም እፈራለሁ፤ ሁለተኛውን ይበልጥ።

መዝገብ ቤት እሄዳለሁ፤ ጓንቱን አጠልቃለሁ፤ ምንም ሳልገልጥ እወጣለሁ። ጓንቴ “ወረቀት አይሸሽም፣ ሰው እንጂ” አለኝ ዛሬ። ምን እንደገባው አላውቅም።

እትዬ፣ ቃል ይበቃዎ እንደሆነ፦ መጽሐፉ ይቅር ካሉኝ ይቀራል። አንድ መስመር ብቻ ይጻፉልኝ፤ “ደህና ነኝ” ይበሉኝ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 11

ደራሲዋ ልጄ፣

ደህና ነኝ። አልታመምኩም። ልጄ “ምን ነካሽ? ቤቱን ስትለኪው ትውያለሽ” እስኪለኝ ከጓዳ ሳሎን ስመላለስ ነው የከረምኩት። ትንሿን ፖስታ አላቃጠልኳትም።

መልሱ አዎ ነው።

ተቆጣጣሪው ጠዋት ያስገባንና ከውጭ ይቆልፍብናል። ደንብ ነበር። ጎረምሳ እየገባ ያስቸግራል፣ ሴቶቹም ሥራ ጥለው ይወጣሉ ተብሎ። ያን ቀን ምሳ በልተን ገብተን ተቆልፎብናል። ሰባት ሰዓት ተኩል ግድም ወንዙ ሞላ የሚል ወሬ መጣ። የሱ ቤት ወንዙ ዳር ነው፤ አምስት ልጆች አሉት። በበሩ በኩል “መጣሁ፣ አሁን መጣሁ!” ብሎ ሲሮጥ ሰማነው። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ስትጽፊ እንዳትዘልዪው። ልጆቹን ሲያይ ረሳን።

ውሃው በበሩ ሥር ሲገባ መጀመሪያ ያደረግነው ምን መሰለሽ? ጫማችንን አወለቅን፤ እንዳይበላሽ። ጉልበታችን ጋ ሲደርስ ነው በሩን መደብደብ የጀመርነው። በወንበር፣ በእጅ፣ በጥፍር። ጮህን። መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ ሁሉም ወደ ከፍታው ሸሽቷል። እኔ አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። እንዲህ ሆነን ሳለ አንዷ ክዳን ቀጭ ብላ ወደቀች።

ወፍጮ ቤቱ ነው፤ ከታች ካለው መንደር። ባትሪዎቹ ፎቅ ላይ ስለነበሩ መስመሩ አልሞተም። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ገመዱን ሰካች።

“ማንን ላገናኝ?” አለች። እንደ ሁልጊዜው። ቀጥላ “ኧረ ማንንም አላገናኝህ። ስማኝ፤ ልጆቹን ይዘህ አሁኑኑ ወደ ዳገቱ ውጣ” አለችው። ገመዱን ነቅላ ወደ እኔ ዞረች።

“ቀጭኔ፣ ቆመን ከምናለቅስ እንደውልላቸው።”

ደወልን። እኔ ከላይኛው መደዳ፣ እሷ ከታችኛው። አሥራ አንድ መንደር ደረስን። ድንጋዩ ላይ ያለው ይኼኛው እውነት ነው። “በፈቃዳቸው” የሚለው ግን አይደለም። መውጣት ብንችል እንወጣ ነበር፤ እግሬ አውጪኝ ብለን። ስላቃተን ነው የሠራነው።

የተረፍኩት ረጅም ስለሆንኩ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። በአንድ እጄ የመስኮቱን ብረት፣ በአንድ እጄ እሷን ይዤ ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም። በሩን የፈለጠው ያ አናጺ ነው። ያየውን ደብተሩ ላይ ማስፈሩን ከአንቺ ነው የሰማሁት።

ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ተቆጣጣሪው ያን በታይፕ የተጻፈ የምስክርነት ወረቀት ይዞ መጣ። “ፈርሚ” አላለኝም። አባቴ የሚሆን ሰው አልጋዬ ሥር ተንበረከከ። አላናገርኩትም፤ አልፈረምኩምም። በማግስቱ የሳቂታ እናት መጡ። አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

“ልጄ፣ መውጣት ትችሉ ነበር?”

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ፊታቸውን አየሁት። “እንችል ነበር” አልኩ። “እሷ ናት ሰው ሳናስጠነቅቅ አንወጣም ያለችው።”

ግንባሬን ሳሙኝ። ሲወጡ ወረቀቱን አስመጥቼ ፈረምኩ።

ከዚያ ወዲህ እኚያን ሴት መንገድ ላይ ሳይ ዞሬ እሄድ ነበር። ሲቀበሩ እንኳ ከኋላ ቆሜ ነው የሸኘኋቸው። ተቆጣጣሪውም ሞቷል። የቀረችው ታናሽ እህቷ ናት፤ ሌላ ከተማ ልብስ ትሰፋለች። ከሷ በፊት ማንም ይህን እንዲሰማ አልፈልግም። ቀን ስጪኝ፤ ሄጄ እነግራታለሁ። እስከዚያ ቃልሽን ጠብቂልኝ።

እትዬሽ


ታኅሣሥ 18

ይድረስ ለእትዬ፣

ደብዳቤዎን ቆሜ ነው ያነበብኩት። ስለ እሱ አሁን አልጽፍም። የምጽፈው ሌላ ነገር ነው፤ ከጨረስኩ በኋላ ልጽፍልዎ እንኳ መብት ላይኖረኝ ይችላል።

“ለሌላ ሰው ተናግረሻል?” ብለው በጠርዙ ላይ ጠይቀውኛል። ተናግሬያለሁ። የአናጺውን ደብተር ያገኘሁ ቀን፣ ዳቦ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ፣ ለአሳታሚዬ ደወልኩለት። ማፈሬን ጻፍኩልዎት፤ መደወሌን ደበቅኩዎት። ደስታው አላስችል ብሎኝ ነው። ሌላ ሰበብ የለኝም።

ትናንት ቢሮው ሄጄ “ለማንም እንዳታወራ” አልኩት። ሳቀ። “ለጋዜጠኛ ወዳጄ ነግሬዋለሁ እኮ፤ ከመጽሐፉ በፊት ወሬው ይቅደም” አለኝ።

“የሰው ሐዘን ነው” አልኩት።

“መጽሐፍም ነው” አለኝ።

ውሉን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ። መጽሐፉን እሱ አያወጣውም። ጋዜጠኛውን ግን ማስቆም አልቻልኩም፤ ሁለት ሳምንት እንዲታገሰኝ ብቻ ለምኜ እሺ አሰኝቼዋለሁ። እትዬ፣ ይሂዱ። እባክዎ ከወሬው ይቅደሙ። መሳፈሪያ ድረስ የሚያደርስዎ ሰው ከፈለጉ እኔ እመጣለሁ፤ ፊቴን ማየት ካልፈለጉም ይገባኛል።

ለባለቤቴ ትናንት አንድም ምዕራፍ እንደሌለኝ ነገርኩት። “አውቃለሁ” አለኝ። “ስትጽፊ እንዲህ ደስተኛ አትሆኚም።” ሁለታችንም አልሳቅንም።

ይቅርታዎን የምትጠብቅ


ጥር 3

ልጄ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ መጀመሪያ ቀደድኩት። ቀጥዬ ቦርሳዬን አዘጋጀሁ። በልቤ እየሰደብኩሽ መኪና ውስጥ ገባሁ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር ታየኝ። “ቀን ስጪኝ” ብዬሽ ነበር። አርባ ስድስት ዓመት ቀን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። አንቺ ባትቸኩዪ ኖሮ ዛሬም ሌላ ቀን እጠይቅሽ ነበር። ይቅር ብዬሻለሁ ማለቴ አይደለም። እያሰብኩበት ነው።

ሱቋ ትንሽ ናት። እህቷ መርፌ በከንፈሯ ይዛ፣ የሴት ቀሚስ እየሰፋች ነበር። ቁርጥ እሷን ነው የምትመስለው ልጄ፤ ፀጉሯ ሸብቷል እንጂ ቅንድቧ የሷ ነው። አየችኝና መርፌውን አውጥታ “ቀጭኔ” አለችኝ። በዚህ ስም የጠራኝ ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ።

ሳልቀመጥ ጀመርኩ። ከተቀመጥኩ የምተወው መሰለኝ። ስለ በሩ፣ ስለ ቁልፉ፣ ለእናቷ ስለመለስኩት መልስ፣ ሁሉንም ነገርኳት። የስፌት መኪናዋን በእግሯ እያሽከረከረች ትሰማኛለች። ስጨርስ እግሯን አነሳች።

“እናቴ እኮ ታውቅ ነበር” አለችኝ።

“ምን?”

“ገላዋን ያጠበቻት እናቴ ናት። ውሃ የማቀብላት እኔ ነበርኩ፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ጣቶቿን አየች። አንድ ደህና ጥፍር አልቀራትም። በፈቃዱ የቆየ ሰው በር ይቧጭራል?”

ያን ጊዜ ነው የተቀመጥኩት።

“ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?”

“ከአፍሽ ልትሰማው ነበር የመጣችው። ከሆስፒታል ስትመለስ ግን ሰብስባን ምን አለችን መሰለሽ? ‘ልጅቷ እኔን ልታጽናና ብላ ዋሸችልኝ። ተቀብዬላታለሁ። ማንም እንዳይነካባት።’ ከዚያ ወዲያ እኛ ቤት የበር ወሬ ተነስቶ አያውቅም።”

እኔ ለሳቸው ብዬ፣ እሳቸው ለእኔ ብለው። መንገድ ላይ ዞሬ ስሄድባቸው ምን ይሉ ነበር ይሆን? አለቀስኩ። እንዲያ አልቅሼ አላውቅም፤ ያኔም ቢሆን። እህቷ የተሰፋውን ቀሚስ ጫፍ ሰጠችኝ፤ ሌላ ጨርቅ አልደረሰላትም። ቀሚሱ የደንበኛ ነው፤ ድጋሚ ታጥቧል።

ስረጋጋ “እኔ ግን ተናድጄብሽ ነበር” አለችኝ። “ስለዋሸሽ አይደለም። ስላልመጣሽ ነው። ስለ እሷ የሚያወራኝ ሰው አልነበረም። እናቴ ስሟ ሲነሳ ዝም ትላለች፤ ሌላው ሰው ድንጋዩን ነው የሚያውቀው። እኔ የምፈልገው እሷን ነው።”

እና ልጄ፣ እንዲህ ተባብለናል። ጋዜጠኛው ይጻፍ፤ ማንንም አይጎዳም። አንቺም ጻፊው፤ የሚያወጣልሽ ሌላ ሰው ፈልጊ። ተቆጣጣሪው የሮጠው ለአምስቱ ልጆቹ መሆኑንም ጻፊ። እህቷ ደግሞ የአናጺውን ጽሑፍ በዓይኗ ማየት ትፈልጋለች፤ መዝገብ ቤት ያለ ነጭ ጓንት ወረቀት እንደማይነካ ነግሬያታለሁ፤ “ለእኔ ጓንቱ ይበዛብኛል” ብላለች።

ደብዳቤ የምትልኪልኝ ከሆነ በዚህ ፖስታ ጀርባ ባለው አድራሻ በሷ በኩል አድርጊው። ቤት የቀረው ወንዱ ልጄ መቼ እንደምመለስ ይጠይቀኛል፤ አላወቅኩም። የጎርፉን ቀን ከጠዋቱ ጀምሬ እየነገርኳት ነው፤ ምን ለብሳ እንደመጣች፣ ደረጃው ላይ ምን ብላ እንዳሳቀችኝ። እየደጋገመች ታስነግረኛለች። ይኸው አራተኛ ቀናችን ነው፤ ገና ምሳ ሰዓት ላይ አልደረስንም።

እትዬሽ